ለፓውን የሚሆን ትንፋሽ

ሊነጋጋ ሲል ፓውን ዛሬም መጣ። ፔርሳ አላየችውም፤ አንድም ቀን አይታው አታውቅም። የምትሰማው ትንፋሹን ነው። መጀመሪያ ከበሩ በኩል፣ ቀጥሎ ከአልጋው ግርጌ፣ በመጨረሻ ከጎኗ፣ እሱ ይተኛበት ከነበረው በኩል። ሲገባ ያፏጫል፣ ሲወጣ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ሲጥ ይላል። ሞቶ ከተቀበረ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ትንፋሽ ግን አሁንም ያጥረዋል።

እሷም እንደ ድሮው ትራሱን ከፍ ልታደርግለት እጇን ትዘረጋና ቀዝቃዛ አንሶላ ትዳብሳለች። ከዚያ ትነሳለች፣ እሳት ታቀጣጥላለች፣ ምድጃው ፊት ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ዕድሜዋ ስልሳ አልፏል፤ በቀላሉ የምትደነግጥ ሴት አይደለችም፤ ፓውንንም አትፈራውም። የሚያንገበግባት ሌላ ነገር ነው። እዚያ ማዶ ሄዶም አልተገላገለም ማለት ነው።

በእኛ መንደር፣ ከመዳብ ማዕድኑ በላይ ባለችው በቫልያ ማሬ፣ በሙታን ነገር ቀልድ የለም። ሟች እዚያ የሚበላው፣ የሚለብሰውና የሚቀመጥበት እኛ በተዝካሩ ቀን በስሙ የሰጠነውን ነው። ዕቃውን ለሕያው ሰው ታስይዛለህ፣ «ለእገሌ ይሁን» ትላለህ፣ ተቀባዩ «ነፍሱን ይማር» ይላል፤ ያን ጊዜ ይደርሳል። ሰው ያልተቀበለው፣ ስም ያልተጠራበት ነገር እዚሁ ይቀራል። ወንበር መስጠት ረስታ ባሏን ስንት ዓመት በቁሙ ያስቀረች ሴት አለችን፤ በህልሟ እየመጣ እግሬን እግሬን ይላት ነበር። በማዕዱ ራስጌ ደግሞ በሟቹ ምትክ አንድ ሕያው ሰው አዲስ ልብስ ለብሶ ይቀመጣል። እሱ ሲጎርስ ሟች ይጎርሳል።

ለፓውን ያልተሰጠ ነገር የለም። ጠቦቱ፣ ዳቦው፣ አይቡ፣ የፕሪም አረቄው፣ ካፖርቱ፣ ባርኔጣው፣ ሌላው ቀርቶ የሚወደው ዓይነት ሬዲዮ። ብርሃንም ተሰጥቶታል፤ ምክንያቱም ያለ ሻማ ነው የሞተው። ሆስፒታል ውስጥ ኦክስጅን ተከፍቶለት ስለነበር ነርሷ ክብሪቱን ከፔርሳ እጅ ቀማችና «እናቴ፣ ሁላችንንም ሊያነዱን ነው እንዴ?» አለቻት። ሻማ ሳይዝ የሞተ ሰው ደግሞ በጨለማ ነው የሚሄደው። ፔርሳ በአርባው ቀን ቁመቱን የሚያህል ሻማ አስነድዳ ጨለማውን ካሰችለት። የቀረው ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ እንግዲህ በሳህን አይቀርብ፣ በመስቀያ አይሰቀል።

ፓውንና ታናሽ ወንድሙ ትራይሎ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ማዕድኑ ውስጥ ቋጥኝ ሲበሱ ነው። የድንጋዩ አቧራ የሁለቱንም ሳንባ ጠባሳ አድርጎት ወጡ። አባታቸው ዱሚትሩም በዚሁ ነበር የሄደው፤ ልጆቹ ፊት፣ ቁጭ ብሎ፣ አፉን እንደከፈተ። ከተማ ያለው የሳንባ ሆስፒታል አዲስ መድኃኒት የሚሞከርባቸው ሕመምተኞች ሲፈልግ ትራይሎ እየሳቀ ተመዘገበ፤ ፓውንን ግን ጎትታ የወሰደችው ፔርሳ ናት። እሱ እቤቱ ቢሞት ይመርጥ ነበር።

ዶክተር ስላጃና የተባለች ወጣት ሐኪም ሁሉንም አስቀምጣ አስረዳቻቸው። ቆንጆ አድርጋ ነው ያስረዳችው፤ ይሄን አልክድም።

«በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት መላ ሰውነት ዞሮ ሳንባ የሚደርሰው ትራፊው ነው» አለች። «በተራ መርጫ የሚሳበውም ጠብታው ትልቅ ስለሆነ አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ይሄኛው በጣም ደቃቅ ነው። መድኃኒቱን በዓይን በማይታዩ የስብ ቅርፊቶች ጠቅልለነዋል። ማሽኑ ጭጋግ ያደርገዋል፤ ሲስቡት እስከ ሳንባው ጥግ ይወርዳል።»

«አቧራው የደረሰበት ድረስ?» አለ ፓውን።

«ልክ አቧራው የደረሰበት ድረስ። የሚገባውም በዚያው መንገድ ነው።»

«ይኸው ጉድ» አለ ትራይሎ። «ዕድሜ ልካችሁን ደቃቅ ነገር ስትስቡ ኖራችሁ ታመማችሁ፣ በሉ ደግሞ ሌላ ደቃቅ ነገር ሳቡ እያለችን እኮ ነው።»

ዶክተሯ ሳቀች። ፓውን አልሳቀም፤ ማሽኑን አገላብጦ ያየው ነበር። ቀጥላም ከታካሚዎቹ ግማሹ ባዶውን ቅርፊት ብቻ እንደሚስቡ፣ ማን የትኛው እንደደረሰው እሷም ሆነች ነርሶቹ እንደማያውቁ ነገረቻቸው። መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው እንዲህ ሲሆን ነው አለች። ትራይሎ «ሎተሪ ነዋ» አለ። በዚህ አለፈ።

ማለዳ ማለዳ ነርሷ ሁለቱን ማሽኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርጋ የየራሳቸውን መድኃኒት ትሞላላቸውና ጭጋጉ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በሩን ዘግታ ትሄዳለች። ፔርሳ ኮሪደሩ ላይ ሹራብ እየሠራች ትጠብቃለች። የምትሰማው የማሽኖቹን እንደ ንብ ማጉረምረም ብቻ ነበር። ትራይሎ ውሎ አድሮ ፊቱ ወዝ አገኘ፣ ደረጃ መውጣት ጀመረ፣ ነርሶቹን መልከፍም ጀመረ። ፓውን ከአልጋው መታጠቢያ ቤት መድረስ አቃተው። በረዶው እንደከበደ ሞተ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ዶክተሯ ፔርሳንና ትራይሎን አስጠራቻቸው። ሙከራው አልቋል፣ የማን መድኃኒት ምን እንደነበር ተከፍቷል። እጇን ፔርሳ ጉልበት ላይ አደረገችና ለማጽናናት ብላ ነገረቻት።

«ባለቤትዎ እውነተኛውን መድኃኒት ነው ያገኙት። ምንም አልጎደለባቸውም። ባዶው የደረሳቸው ትራይሎ ናቸው።»

«ታዲያ የሞተው ምነው እሱ ሆነ?»

«በጣም ዘግይተን ይሆናል። መድኃኒቱ ብዙዎቹን ረድቷል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ትራይሎ ደግሞ ያለ መድኃኒት ተሻሽለዋል። አንዳንዴ እንዲህም ይሆናል፣ የሰው አካል ግራ ነው። አሁን ለቀሩት ሁሉ እውነተኛውን እየሰጠን ነው፤ ትራይሎ፣ እርስዎም እቤትዎ ሆነው በየማለዳው ይውሰዱት።»

ማሽኑንና አንድ ሳጥን ብልቃጥ ሰጠችው። የትራይሎ ፊት አመድ መስሏል። ከተማ በሄደ ቁጥር አውቶቡስ ሙሉ ሰው የሚያስቅ ሰውዬ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ መንደር እስኪደርሱ አንዲት ቃል አልወጣውም። ፔርሳ ልብ አላለችውም፤ እሷም የራሷን ነገር እያብሰለሰለች ነበር። መድኃኒቱን በደንብ ካገኘ አሁን ለምን ያፍናል? ስትል ሰነበተችና አንድ ማለዳ፣ ፓውን አጠገቧ እያፏጨ፣ መልሱ መጣላት። በሕይወት ሳለ የሳበው በሕይወት ሳለ አለቀ። ወደዚያ የላከለት ሰው የለማ። ትንፋሽ እንደ ዳቦ በእጅ የማይያዝ ነገር ስለነበር ማንም አልሰጠውም። አሁን ግን ይያዛል፤ ብልቃጥ ውስጥ ነው።

ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ግቢውን ተሻገረች። የሁለቱ ወንድማማቾች ቤቶች ባንድ ግቢ ፊት ለፊት ነው የተሠሩት። ትራይሎ ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በቆሎ ይፈለፍላል።

«ዋርሳዬ፣ በተዝካሩ በፓውን ቦታ የምትቀመጠው አንተ ነህ» አለችው።

«ሆዴን መቼም ታውቂዋለሽ እትዬ። አላሳፍርሽም።»

«የሆድህን አይደለም የምልህ። ማሽኑን ማዕዱ ላይ አደርገዋለሁ። ትንፋሹን እሰጥሃለሁ፣ በፓውን ስም ትስበዋለህ። ሰው ሁሉ ዳቦ ይሰጣል፣ ካፖርት ይሰጣል፤ ትንፋሽ ግን በእጅ የሚያዝ ነገር አልነበረም። ይኸው አሁን ተያዘ።»

ትራይሎ የበቆሎውን ራስ ጣለው። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኑ ፈጧል።

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል?»

«እሱ ነው የነገረሽ? ይመጣል እንዴ? ያናግርሻል?»

«ይመጣል። አይናገርም። ምን ሆነሃል አንተ?»

«ሌላ ሰው ፈልጊ» አለና ተነሳ።

«መድኃኒቱ ያለው አንተ ጋ ነው። ሌላ ሰው ከየት ልውለድ?»

«እንግዲያው ይቅር። እኔ እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም» ብሎ ገብቶ በሩን ዘጋባት።

ፔርሳ ደሟ ፈላ። ለገዛ ወንድሙ አንዲት ማለዳ ነፈገ? እያጉረመረመች ስትመለስ የትራይሎ ሚስት ስታና ከጉድጓዱ ዘንድ ባልዲዋን አስቀምጣ ጠራቻት።

«እህቴ፣ አትቀየሚው» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለራሱም አይስበውም እኮ። ሳጥኑን ከፍቶት አያውቅም፤ ፍሪጅ ውስጥ ከአይቡ ጎን እንደተቀመጠ ነው።»

«ምን ሲል?»

«እኔንማ ዝም በይ ነው የሚለኝ። ደረቱ ተመልሶ ጠቧል፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው። አንቺን ይፈራሻል መሰለኝ። እስቲ ጠይቂልኝ፣ በእናትሽ።»

ፔርሳ ባልዲውን ዘላ ማድ ቤቱ ገባች። ትራይሎ ምድጃው አጠገብ ጉልበቱን ይዞ ተቀምጧል። አልተነሳም፣ አልቀለደም። ሳትጠይቀው ጀመረ።

«እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ነርሷ በሩን ስትዘጋው፣ ወንበር እንለዋወጥ ነበር።»

«ምን?»

«የሱን ማሽን እኔ፣ የኔን እሱ። በየቀኑ። ሐሳቡን ያመጣው ፓውን ነው። ‹አባባ ያለ ትንፋሽ ነው የሄደው፣ ዳቦ ሰጠነው፣ ካፖርት ሰጠነው፣ ትንፋሽ ግን በእጅ የሚያዝ ነገር አልነበረም፣ ይኸው አሁን ተያዘ› አለኝ። አንቺ ቅድም ያልሽውን ነው ያለኝ፣ አንድ ቃል ሳይቀር።» ትንፋሽ ለመውሰድ ቆመ። «የራሳችንን ለራሳችን ብንስበው ለአባባ አይደርስም። ሰጪና ተቀባይ ያስፈልጋል። እሱ የማሽኑን የአፍ ማስክ ለኔ ይሰጠኛል፣ ‹ለአባባ ይሁን› ይላል፣ እኔ ‹ነፍሱን ይማር› ብዬ እስባለሁ። የኔንም ለሱ እንደዚያው። የምንስበው ያው አንድ ዓይነት መስሎኝ ነበር እትዬ። ባዶ አለ ያለችውን እኔ ረስቼዋለሁ። እሱ ይርሳው አይርሳው ግን እስከዛሬ አላውቅም።»

ፔርሳ የበሩን መቃን ያዘች።

«ባሌን ተነፈስከው» አለች።

«አዎ።»

«ደረጃ እየወጣህ፣ ነርስ እየለከፍክ፣ እኔ ሹራብ እየሠራሁ፣ ባሌን ተነፈስከው።»

«አዎ። ለዚህ ነው ሳጥኑን የማልከፍተው። አሁን ደግሞ በስሜ ብስበው ሁለተኛ መቀማት ይሆናል። ከሱ የወሰድኩትን እንደሱ ታፍኜ ልመልስለት ነው የምፈልገው። ሌላ የምመልስበት መንገድ አላውቅም።»

«እንግዲያው መልስ» አለችው። «አፈር ያስመልስህ።» ወጥታ ሄደች።

ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ትራይሎን ረገመችው፣ ዶክተሯን ረገመችው፣ መቃብር ውስጥ ያለውን ሽማግሌ አማቷን ሳይቀር ረገመችው። ከሁሉ በላይ ፓውንን ነው የተናደደችበት። ለአባትህ ስትሰጥ እኔ ትዝ አላልኩህም? ሚስት አለችኝ፣ ብቻዋን ትቀራለች አላልክም? እያለች ከግድግዳው ጋር ስትጣላ አመሸች። ሊነጋጋ ሲል ያው ፉጨት መጣ። ጀርባዋን ሰጠችው።

ጀርባዋን እንደሰጠች፣ ከግቢው ማዶ ደግሞ የትራይሎ ሳል ተሰማት። ከወዲህ የፓውን ፉጨት፣ ከወዲያ የትራይሎ ሳል፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል። ባንድ እናት ጡት ያደጉ ልጆች ናቸው፣ ሳላቸውም አንድ ነው። ያን ጊዜ የመጣላት ሐሳብ ይቅርታ አልነበረም፤ እኔ ፔርሳን አውቃታለሁ፣ ይቅር ባይ አይደለችም። የመጣላት ይሄ ነው፤ የፓውን መድኃኒት የወረደበት ደረት በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ያ ደረት አፈር ከገባ የፓውን ነገር ሁለተኛ ይቀበራል።

ጠዋት ትራይሎ ቁርሱን እያየ ሳይበላ ተቀምጦ ሳለ ገባችበት።

«ለራስህ ሳበው ያለህ ማን ነው?» አለችው። «እኔ እሰጥሃለሁ፣ አንተ ትቀበላለህ። የሙት ስጦታ እምቢ አይባልም፤ ትልቅ ሰው ነህ፣ ይሄ አይነገርህም። በተዝካሩ ቀን ወንበሩ ላይ ትቀመጣለህ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ በየማለዳው እመጣለሁ። በፓውን ስም ትስበዋለህ። ለሱም ይደርሰዋል፣ አንተም አትሞትብኝም።»

«ትጠይኛለሽ እኮ እትዬ።»

«እጠላሃለሁ። እሱን ለኔ ተወው።»

ትራይሎ ሊስቅ ሞከረ፣ ሳሉ ቀደመው።

ተዝካሩ ደማቅ ነበር። ጠቦቶች ተጠበሱ፣ የበቆሎ ገንፎው በየሰፌዱ ተገለበጠ፣ ሻማዎቹ በየዳቦው ላይ በሩ። ትራይሎ በፔርሳ እጅ የተሰጠውን አዲስ ጃኬት ለብሶ በማዕዱ ራስጌ ተቀመጠ። ፊቱ፣ በጠቦቱና በአረቄው መካከል፣ ማሽኑ ተቀምጧል፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ በመስኮት ገብቷል። ይሄን የመሰለ ነገር አይተን ስለማናውቅ ማኘካችንን አቆምን። ፔርሳ ብልቃጡን ሰብራ ኩባያው ውስጥ ጨመረች፣ ማስኩን አስያዘችው።

«ይሄ ትንፋሽ ለፓውን ይሁን።»

«ነፍሱን ይማር» አለ ትራይሎ፣ ሳበም።

ማሽኑ አጉረመረመ። ነጭ ጭጋግ ከማስኩ ዳርና ዳር እየወጣ በዳቦውና በሥጋው ላይ ተንሳፈፈ፣ የሻማዎቹን ነበልባል አወዛወዘ። በዚያ ጭጋግ ውስጥ፣ በዚያ ጃኬት፣ ትከሻው ቁርጥ ፓውን ነበር። አሮጊቶቹ አማተቡ። ስታና አለቀሰች። ፔርሳ አላለቀሰችም፤ ኩባያው እስኪደርቅ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ነቃች። ጠበቀች። ከበሩ በኩል ምንም የለም። ከአልጋው ግርጌም፣ ከጎኗም። ደረሰለት፣ አለች። ደረሰለት፣ ፓውኔ ተነፈሰ። ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ተነስታ ጸጉሯን እያበጠረች አንጎራጎረች። ከዚያም ቃሏን ጠብቃ ግቢውን ተሻገረች፣ ብልቃጡን ሰበረች፣ «ለፓውን ይሁን» አለች።

እንዲህ እያለች ሰነበተች። ትራይሎ ቀስ በቀስ ደረቱ ተከፈተ። «ሐኪሜ መጣች፣ እግዜር ይድረስልኝ» እያለ መቀለድ ጀመረ። ስታና ቀላ አለች፣ ወፈረች። ፔርሳ ቤት ግን ጸጥ አለ። ጸጥታ ስል የምትረጋጉበትን ዓይነት አይደለም። አልጋው ውስጥ የሚተነፍስ እሷ ብቻ ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ባሏ የሞተባት አልመሰላትም ነበር ለካ፤ የታመመባት ነው የሚመስላት። ማለዳ እየመጣ ሲያፏጭ ታዝንለታለች፣ ግን ይመጣል። አሁን አይመጣም። ለምን ይምጣ? ምን ጎድሎት?

ክፉ ሐሳብ መሆኑን ታውቀዋለች። ቢታፈንም ይሻለኛል፣ ብቻ ይምጣ፣ ብላ ማሰቧን ለራሷም አልዋሸችም። አንድ ማለዳ ከአልጋዋ አልወረደችም። ፀሐይ ወጣች፣ ስታና አንኳኳች። «ጉንፋን ነው» አለቻት በሩን ሳትከፍት። «እሱ ይውሰደው፣ ብልቃጡ እናንተ ጋ አይደል?»

«አንቺ ሳትይ አልስብም አለ» አለች ስታና። «ነገ ትመጣለሽ?»

«ነገ እናያለን።»

በነገታውም አልሄደችም። በዚያኛውም ቀን። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ማለዳውን ታዳምጣለች። ከግቢው ማዶ ሳል እንደተመለሰ ትሰማለች፤ ትራሱን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። ትንሽ ቀን ብቻ፣ ትላለች። አንዴ ይምጣልኝ፣ ከዚያ እሄዳለሁ።

በረዶ ሲጥል ባደረበት ማለዳ ተሰማት። ከበሩ በኩል። ሲገባ ያፏጫል፣ ሲወጣ ሲጥ ይላል። ተነስታ ቁጭ አለች።

«ፓውን?»

ፉጨቱ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ። ባዶ እግሯን ሮጠች። ብርሃን እንኳ አላበራችም። በሩን በረገደችው።

በረዶው ውስጥ የቆመው ትራይሎ ነው። ያንን ጃኬት ለብሷል፣ ማሽኑን በብብቱ ይዟል፣ በሌላው እጁ ብልቃጥ ጨብጧል። ከናፍሩ ጠቁሯል። ግቢውን ለመሻገር ስንቴ እንደቆመ በረዶው ላይ ያለው ዱካው ይናገራል። ሊያወራ ፈለገ፣ አልቻለም፤ መቃኑን ተደግፎ ትንፋሹ እስኪሰበሰብ ጠበቀ። እሷም ጠበቀች። በሩን ፊቱ ላይ ልትዘጋው ፈለገች፤ እጇ በሩ ላይ ነበር።

«እሱ የመጣ መስሎኝ» አለች።

«ሰማሁሽ። ስትጠሪው ሰማሁሽ።» እንደገና ትንፋሽ ለመውሰድ ንግግሩን አቋረጠ። «እትዬ፣ ለምን እንደቀረሽ ገብቶኛል። እኔም ብሆን እቀር ነበር። አልቀየምሽም። አንቺ ካልሽ እስበዋለሁ፣ ካላልሽ ይዤው እመለሳለሁ።»

ብልቃጡን ዘረጋላት። ፔርሳ አየችው። ብትሰጠው ፓውን ለዘላለም አይመጣም። ባትሰጠው የሚመጣው ፓውን ይሁን አይሁን አታውቅም፤ ይሄ ደጃፏ ላይ ያለው ሰው ግን ነገ እንደማይኖር ታውቃለች። በብርዱ እግሯ ደንዝዟል፣ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም።

«ግባ» አለችው። «ግባ አንተ የማትረባ፣ ብርድ አስገባህብኝ።»

በአልጋው ላይ፣ በፓውን በኩል አስቀመጠችው። ማሽኑን ሰካች። ብልቃጡን ሰበረች፤ ጥቂት ፈሰሰ፣ የቀረውን ጨመረች። ማስኩን አስያዘችው። ትራይሎ ማስኩን ከአፉ አርቆ፣ እያፏጨ፣ ቃሏን ጠበቀ።

«ለፓውን ይሁን» አለች።

«ነፍሱን ይማር» አለና ሳበ።

አጠገቡ ተቀመጠች፣ ትከሻዋ ትከሻውን እየነካ። ጭጋጉ ክፍሉን ሞላው። ፉጨቱ መጀመሪያ እንዳለ ነበር፣ ከዚያ ደረቱ ከፈት ሲል ሳሳ፣ ከዚያ በየመሀሉ ጠፋ አለ። ዓይኗን ጨፍና ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠችው።